ለአረጋውያን የዕድሜ ቅናሽ፦ እናድርግ ወይስ ይቅርብን?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መነጽር ቤት ያለን ሦስት ሸሪኮች ነን። አንደኛው «ከ60 በላይ ለሆነ ሁሉ 15 በመቶ እንቀንስ» ይላል። ሌላዋ ደግሞ «ዕድሜ የኪስ መለኪያ አይደለም፤ ለባለጸጋ አዛውንት እየቀነስን ሥራ የሌለውን ወጣት ሙሉውን ልናስከፍል ነው» ትላለች። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ከአሥር ደንበኞቻችን አራቱ ከ60 በላይ ናቸው። ከ100 ሽያጭ ውስጥ የዕቃው ወጪ 70 ነው። ያዋጣናል? ከተደረገስ ሰው ሳይከፋው ዕድሜውን እንዴት እናጣራ?

ደብተር፦
መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። 15 በመቶ ስትቀንሱ 100 የነበረው 85 ይሆናል፤ ወጪው ግን ያው 70 ነው። ትርፋችሁ ከ30 ወደ 15 ወረደ፣ በግማሽ ማለት ነው። የድሮውን ትርፍ ለመመለስ ከ60 በላይ የሆኑት ደንበኞች እጥፍ መሆን አለባቸው። የድሮውን ትርፍ ለአዲሱ ማካፈል ነው፦ በ10 በመቶ ቅናሽ 30 ለ20 ሲካፈል አንድ ተኩል እጥፍ፣ በ5 በመቶ 30 ለ25 ሲካፈል ደግሞ 1.2 እጥፍ ይሆናል።

እናንተን የሚከብዳችሁ ከአሥር አራት መሆናቸው ነው። ሰው ከ40ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የቅርብ ጽሑፍ ስለሚያስቸግረው፣ የመነጽር ገበያ በራሱ ወደ ትልልቅ ሰዎች ያደላል። ለዋናው ደንበኛ የተደረገ ቅናሽ ደግሞ ዋጋ ማውረድ ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የሚለየው። ወይ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ፣ ወይ መነሻ ዋጋውን ለሁሉም ከፍ ታደርጋላችሁ። ሁለተኛውን ብትመርጡ፣ የደንበኛው ቁጥር ሳይቀየር ትርፋችሁ እንዳይነካ 100 የነበረው 106.4 ገደማ መሆን አለበት። አዛውንቱ 15 በመቶ ተቀንሶላቸው 90.4 ይከፍላሉ። ግድግዳው ላይ 15 ተጽፎ እጃቸው የገባው 9.6 ነው፤ ቀሪውን ወጣቱ ከፈለላቸው። የሸሪካችሁ ቅሬታ እዚህ ላይ ልክ ነው።

ሚዛን፦
ሒሳቡ ይሁን፤ «ዕድሜ የኪስ መለኪያ አይደለም» የሚለው ግን ግማሽ እውነት ነው። ዕድሜ የተመረጠው በአንድ መታወቂያ ስለሚጣራ ነው። ገቢ ይጣራ ካላችሁ ደብዳቤ፣ ማኅተምና ምስክር ሊመጣ ነው። ድኻውን ለመርዳት ተብሎ ድኻነቱን ቆጣሪ ፊት ማስመስከር ምን የሚሉት መፍትሔ ነው?

መሃሉን ከፈለጋችሁ፣ አንድ ርካሽ መስመር ክፈቱ፦ ሁለት ሦስት ዓይነት ቀለል ያለ ፍሬም፣ ተራ ነጠላ ሌንስ (ለቅርብ ወይም ለሩቅ ብቻ የሚሆን)፣ ቁርጥ ዋጋ፣ ዕድሜ ሳይጠየቅ ለማንም። ገንዘብ ያጠረው ራሱ ይመርጠዋል፣ ያለው ሰው ደግሞ የሚያምረውን ፍሬም ይወስዳል።

ከመወሰናችሁ በፊት ያላችሁበትን አገር ሕግ እዩ። ግዴታ የሆነበት አለ፤ ፊሊፒንስ ውስጥ 60 ዓመት የሞላው ነዋሪ በብዙ ዕቃና አገልግሎት ላይ 20 በመቶ ይቀነስለታል። ነጋዴው የቀነሰውን ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ ያወራርዳል እንጂ መንግሥት ሙሉውን አይመልስለትም። 20 ቀንሶ የገቢ ግብሩ 25 በመቶ ቢሆን ከግብር የሚቀነስለት 5 ነው፣ 15ቱን ከራሱ ይከፍላል።

ካውንተር፦
እኔ ስለ አሠራሩ ልበል። የሚያስከፋው ቅናሹ አይደለም፣ ገንዘብ ተቀባዩ ጮክ ብሎ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ማለቱ ነው። የ52 ዓመት ሴት ይህን ብትጠየቅ ተመልሳ አትመጣም። ማስታወቂያውን በሚነበብ ትልቅ ፊደል ለጥፉ (መነጽር ቤት ነው መቼስ)፣ ሰው ራሱ ይጠይቅ። መታወቂያውን አይታችሁ መልሱ፣ ኮፒ አታንሱ። በደንበኛው ካርድ ላይ አንዴ ምልክት ከተደረገ ሁለተኛ አይጠየቅ።

ቅናሹ ለሚከፍለው ነው ወይስ መነጽሩን ለሚያደርገው? ይህን ካልጻፋችሁ ልጅ የአባቱን መታወቂያ ይዞ ለራሱ ያሠራል። ማዘዣው ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር አንድ ይሁን፣ ይበቃል። ልጅ ለአባቱ ቢከፍል ግን አትከልክሉ።

ሁለት ቅናሽ አይደራረብ፣ የሚበልጠው ይያዝ። ይደራረብ ካላችሁም 15 እና 10 ተከታትለው ሲቀነሱ 23.5 እንጂ 25 አይመጣም፤ ቆጣሪ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህ ነው። ደረሰኙ ላይ ሙሉ ዋጋ፣ ቅናሽና የተከፈለው ለየብቻ ይውጡ። ዕቃ ሲመለስ የሚመለሰው የተከፈለው ነው። ማሽኑ ላይም ለዚህ ቅናሽ የራሱ ኮድ ይሰጠው፤ በእጅ የሚገባ ከሆነ ለዘመድ አዝማድ እየተቀነሰ በወሩ መጨረሻ ማን እንደወሰደ አይታወቅም።

ጠያቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ደብተር፣ ሙሉ በሙሉ ይቅር ነው የምትለው?

ደብተር፦
አይደለም። ተጨማሪ ወጪ የማያመጣባችሁ ቦታ ላይ ቀንሱ። ሌንስ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ከውጭ የሚገዛ ስለሆነ አትንኩት። ፍሬም ላይ የምታተርፉት ከሌንሱ ከበለጠ ቅናሹ ፍሬሙ ላይ ብቻ ይዋል። ያላላ ብሎን ማጥበቅ፣ አፍንጫ ላይ የሚያርፈውን ላስቲክ መቀየር፣ የተጣመመ እግር ማቃናት ለአረጋውያን በነጻ ይሁን፤ ጥቂት ደቂቃ እንጂ ይህ ነው የሚባል ዕቃ አይበላም።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። እንግሊዝ ውስጥ የአረጋውያን ነጻ የአውቶቡስ ካርድ በሥራ ቀን በአጠቃላይ ከጠዋቱ 3፡30 በኋላ ነው የሚሠራው፤ ሠራተኛው ከገባ በኋላ ባዶ የሚሄደውን ወንበር ለመሙላት ያመቻል። እናንተም የዓይን መመርመሪያው ሥራ የሚፈታበትን ሰዓት ካለፈው ሦስት ወር መዝገብ አውጡና ቅናሹን እዚያ ላይ አድርጉ። ሦስት ወር ሞክሩት፣ ማብቂያው ቀን ማስታወቂያው ላይ ይጻፍ። ቀን ሳይጻፍ የተጀመረ ቅናሽ ሲነሳ ሰው ዋጋ እንደተጨመረበት ነው የሚቆጥረው።

ጠያቂ፦
ተስማምተናል። ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦ «ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከሰዓት፣ ፍሬም ላይ 15 በመቶ ቅናሽ። ጥቃቅን ጥገና በነጻ።»

ካውንተር፦
«ከ60 በላይ» ካላችሁ ልክ 60 የሞላቸው ሰው ቆጣሪ ላይ ይከራከሯችኋል። «60 ዓመት የሞላቸው» በሉት። ዕድሜው የሚቆጠረው በታዘዘበት ቀን ይሁን እንጂ መነጽሩን በወሰዱበት ቀን አይደለም፤ ሌንስ ሊዘገይ ይችላል። የሙከራውን ማብቂያ ቀንም አልጻፋችሁም።