ክርክር፦ ፊልም ፈንጂ አምካኙን ያውቀዋል?

የፍራንኮ ልጅ፦
ሰላም የአዳማ ሰዎች። ቅዳሜ ማታ «ዘ ኸርት ሎከር»ን አብረን አይተን የጀመርነው ጭቅጭቅ አላለቀም። እዚህ እንጨርሰው። ላላያችሁት ባጭሩ፦ እ.ኤ.አ. በ2004 ባግዳድ ውስጥ መንገድ ዳር የተጠመደ ቦምብ የሚያመክኑ የ3 አሜሪካውያን ወታደሮች ታሪክ ነው። ዳይሬክተሯ ካትሪን ቢግሎው ነች። እ.ኤ.አ. በ2010 ምርጥ ፊልምና ምርጥ ዳይሬክተርን ጨምሮ 6 ኦስካር ወስዷል። ግማሻችን «ጦርነት ማለት ይሄ ነው» አልን። እኔ በበኩሌ የአምካኙ ሥራ ተዋሽቷል ባይ ነኝ። ውሸቱም ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እስቲ ሐሳብ ስጡ።

ባለ ባጃጁ፦
ወንድሜ፣ ፊልም ፊልም ነው። ፈንዲሻህን ብላ።

ኤዲተሯ፦
እኔ እንጀራዬ ቪዲዮ መቁረጥ ነው፤ ሰርግ፣ ማስታወቂያ፣ የተገኘውን። ስለዚህ ለፊልሙ ብከራከር አትፍረዱብኝ። ጸሐፊው ማርክ ቦል ጋዜጠኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢራቅ ሄዶ ከአምካኞች ጋር ቆይቷል። ታሪኩ ከአየር ላይ የተዘገነ አይደለም። ሰውየው ያን ከባድ ልብስ ለብሶ ባዶውን መንገድ ብቻውን ሲሄድ፣ ከየሰገነቱ ሰው ቆሞ ሲያየው፣ ከሚያዩት መሃል ቦምቡን ለማፈንዳት ስልኩን የሚጫነው የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ፤ ይሄ ውሸት ነው? አንዳንድ የአሜሪካ ወታደሮች «ዩኒፎርሙ የዘመኑ አይደለም» ብለው ተቆጥተዋል። ልክ ናቸው፣ ያ ዥንጉርጉር ልብስ መታደል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። እና ምን ይጠበስ?

ወታደር ነበርኩ፦
ልጆች፣ የዩኒፎርሙ ነገር እኔንም አያሳስበኝም። ከባድመው ጦርነት በኋላ ሰሜን ላይ ፈንጂ ስናጸዳ ነበር። እዚህ አዳማ ጡረታ ወጥቼ ነው የተቀመጥኩት። ፊልሙን ልጄ አሳይቶኛል። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

አንድ ሜትር ስፋት ያላት መተላለፊያ ትሰጥሃለች። ግራና ቀኟ በገመድና በተቀባ ድንጋይ ይለያል። ከዚያች ወዲያ እግርህ አይሻገርም። መጀመሪያ የተወጠረ ሽቦ መኖሩን ታያለህ። ሣሩን ትንሽ ትንሽ እያደረግህ ታጭዳለህ። ከዚያ ጠቋሚ መሣሪያውን በዝግታ ታሳልፋለህ። ሲጮኽ ትንበረከካለህ። በቀጭን ብረት ከጎን፣ አጋድመህ፣ አፈሩን ትነካካለህ። ለምን ከጎን? ፈንጂው ጫና የሚቀበለው ከላዩ ነዋ። አብዛኛውን ጊዜ ምን ታገኛለህ መሰላችሁ? ምስማር። የጥይት ቀለሃ። የሰርዲን ቆርቆሮ። ለእያንዳንዷ ቆርቆሮ ግን ልክ እንደ ፈንጂው ነው የምትንበረከከው። ቀኑን ሙሉ ተንበርክከህ አንዲት ፈንጂ ላታገኝ ትችላለህ። ያ ጥሩ ቀን ነው።

ሲገኝስ? ማንም አይነቅለውም፣ ሽቦ የሚቆርጥም የለም። አጠገቡ ድማሚት ይቀመጣል፣ ሰው ሁሉ ይርቃል፣ እዚያው በተኛበት ይፈነዳል። አምቡላንስና ሐኪም ካልቆሙ ሥራ የለም። የደከመ ሰው ይቀየራል። በሥራው ላይ የሚፎክር ልጅ ካየን ደግሞ ያንኑ ዕለት ከመስመር እናወጣዋለን። ያ የፊልሙ ዋና ባለታሪክ፣ አደጋ የማይፈራው ሳጅን፣ እኛ ጋ ቢመጣ ምሳ ሳይደርስ ወደ ቤቱ ነበር።

ባለ ባጃጁ፦
ሃሃሃ። ምሳ ሳይደርስ!
ጋሼ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ብዙ ፊልም ላይ ወታደሩ ፈንጂ ይረግጣል፣ «ቀጭ» ይላል፣ እግሩን እንዳያነሳ ጓደኛው ከሥር በቢላ ይፈለፍልለታል። እሱስ?

ወታደር ነበርኩ፦
ልጄ፣ አብዛኛው ፀረ ሰው ፈንጂ ስትረግጠው ነው የሚፈነዳው። እግርህን እስክታነሳ አይጠብቅህም። «ቀጭ» የሚለውን የሰማ ሰው አላጋጠመኝም።

ኤዲተሯ፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፣ ግን እርስዎ የሚያወሩት ሌላ ሥራ ነው። ሜዳ ማጽዳትና ከተማ መሃል የተጠመደ ቦምብ አንድ አይደሉም። ባግዳድ ገበያ ውስጥ መኪና ሙሉ ፈንጂ ቆሞ አንድ ሜትር መተላለፊያ የሚዘረጋ የለም።

ፊዚክስ አስተማሪ፦
እህቴ፣ ልዩነቱን በማንሳትሽ ጥሩ አደረግሽ። ግን ከተማው ውስጥ ሲሆን ፊልሙ ይብሳል እንጂ አይሻልም። እንደነዚህ ላሉ ቦምቦች ሥራውን የለወጠው ከቦምቡ መራቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ብዙ አምካኞች ሲሞቱ፣ ፒተር ሚለር የሚባል የእንግሊዝ ጦር መኮንን በኤሌክትሪክ የሚሄድ የአትክልት ጋሪ ወስዶ ከሩቅ የሚነዳ ማሽን አደረገው። ዛሬ ላለው ቦምብ አምካኝ ሮቦት ሁሉ አያት ነው። በኋላ ማሽኑ ላይ ውኃ የሚተኩስ መሣሪያ ተገጠመ። አዎ፣ ውኃ። በጣም በፈጠነ ግፊት ሲተኮስ ቦምቡ ለመፈንዳት ጊዜ ሳያገኝ ይበታተናል። ሽቦና ባትሪው ይለያያል። ለእኔ እንደ ፊዚክስ ሰው ከየትኛውም የቀይና ሰማያዊ ሽቦ ትዕይንት ይህ ይበልጥ ደስ ይላል፣ ግን ፊልም ላይ ብዙም አይታይም።

ሽቦውን ካነሳን ደግሞ ቦምብ ሠሪ ሕግ የለውም። ሱቅ ያገኘውን ቀለም ነው የሚጠቀመው። ቀዩን ልቁረጥ ወይስ ሰማያዊውን የሚባል ነገር የለም። ቁጥር ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓትም እንዲሁ። ለማን ብሎ ነው ፊት ለፊት የሚያሳየው? ለአምካኙ?

የቅዳሜው ፊልም ሮቦት አሳይቷል፣ አልክድም። መጀመሪያ ላይ ይልኩታል። ግን የሚጎትተው ጋሪ ጎማው ይወልቅና ሰው መሄድ አለበት ይባላል። ገባችሁ አይደል? ታሪኩ እንዲቀጥል ሮቦቱ መበላሸት አለበት።

ኤዲተሯ፦
ካልተበላሸ እኮ ፊልሙ በ5 ደቂቃ አለቀ!

ፊዚክስ አስተማሪ፦
እሱማ።

የፍራንኮ ልጅ፦
ስለ ልብሱም አንድ ልጨምር። 35 ኪሎ የሚበልጥ ነው። ሰዎች ለብሰኸው ቦምቡን ብታቅፈው የሚያድንህ ይመስላቸዋል። ቅርብ ከሆንክና ፈንጂው ትልቅ ከሆነ አያድንም። እጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፣ ጣት በጓንት ተሸፍኖ ያን ሥራ መሥራት ስለማይቻል። ባለታሪኩ በአንዱ ትዕይንት ከሞትኩ ላይቀር ተመችቶኝ ልሙት ብሎ ልብሱን ያወልቃል። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። እኔን ያናደደኝ ጭብጨባው ነው።

ነርሷ፦
ሁላችሁም ስለ ሽቦ ታወራላችሁ። እኔ ግን ፊልሙ እውነት የተናገረው መጨረሻ አካባቢ ይመስለኛል። አገሩ ተመልሶ ሱፐርማርኬት ይገባል። ሚስቱ የቁርስ እህል አምጣ ትለዋለች። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተደረደረ ካርቶን ፊት ቆሞ መምረጥ ያቅተዋል። ሆስፒታል ውስጥ ከግንባር የተመለሱ ልጆች አክሜያለሁ። እንዲህ የሚሆኑ አሉ። ቁስሉ የዳነ፣ ቤተሰቡ ከቦ የሚያየው፣ እሱ ግን ሻይ ወይ ቡና ሲሉት የሚጨነቅ። ያንን ሌላ የጦርነት ፊልም ላይ አላየሁም። ለዚያ ስል ሽቦውን ይቅር እለዋለሁ።

ወታደር ነበርኩ፦
ልጄ፣ ይህ የተናገርሽው ልብ ይነካል። እኔም ያን ቦታ ሳይ ዝም ብያለሁ። ብቻውን የሚሄደውም ነገር ልክ ነው። ቦምቡ ጋ አንድ ሰው ነው የሚጠጋው፣ ሌላው ይርቃል፤ ከሞተም አንድ ይሙት ነው ሕጉ። ግን ጥያቄው ፊልሙ ጥሩ ነው ወይ አይደለም፣ ሥራውን አሳይቷል ወይ ነው።

ሥራውን ካነሳችሁ የዴንማርኩን እዩ። «ላንድ ኦፍ ማይን» ይባላል፣ እ.ኤ.አ. የ2015 ነው። 2ኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የተማረኩ ጀርመናውያን ወጣቶች አገራቸው የዴንማርክ ምዕራብ ዳርቻ ላይ የዘራውን ፈንጂ ይለቅማሉ። አሸዋው ላይ በደረታቸው ተኝተው፣ በዘንግ እየወጉ። የተቀበረው ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር። ስካሊንገን የምትባለው የመጨረሻዋ ቦታ ጸድታ ያለቀችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1945 አብቅቶ! ፊልሙ ላይ ልጆቹ ስለ ምግብና ስለ ቤታቸው እያወሩ ይሠራሉ። እኛም እንደዚያ ነበርን። በእርግጥ እነሱ የተገደዱ ምርኮኞች ናቸው፣ የሚቆምላቸው ሐኪም የለም። መንበርከኩ ግን ያው ነው።

ባለ ባጃጁ፦
እሺ፣ ተዋሽቷል እንበል። ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው? የአዳማ ሰው ቦምብ ሊያመክን አይሄድ።

የፍራንኮ ልጅ፦
ጉዳቱማ አለ። ይህ አገር ከጣሊያን ወረራ ጀምሮ ፈንጂ ተቀብሮበታል። ኦጋዴን፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር፣ አሁን በቅርቡ ሰሜን። ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን ስምምነት ያጸደቅነው በ1997 ዓ.ም. ነው፣ መሬቱ ግን ዛሬም አላለቀም። ልጆች ያልፈነዳ ተተኳሽ አግኝተው ይነካካሉ። «ልምድ ያለው ሰው ይነካዋል፣ ይፈታዋል» የሚለውን ምስል ከየት አመጡት? ከፊልም።

ኤዲተሯ፦
ኧረ በማርያም! ገጠር ያለ ልጅ ኦስካር ያገኘ ፊልም አይቶ ነው? ብረቱን የሚያነሳው ቁራሌው ስለሚገዛው ነው። ድህነትን ትተህ ሆሊውድን ትከሳለህ።

ነርሷ፦
በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ።

ወታደር ነበርኩ፦
የልጆቹን በተመለከተ እህታችሁ ልክ ነች፣ ብረት ነው የሚያነሱት። እኛን ያስቸገረን ግን ልጅ አልነበረም። ሽማግሌ የመድፍ ጥይት ትከሻው ላይ ተሸክሞ ካምፓችን ድረስ ይመጣል። «ይኸው፣ አመጣሁላችሁ» ይላል። ደስ ብሎታል፣ ጎበዝ እንድንለው ይጠብቃል። ያ ሽማግሌ ፊልም አይቶ አያውቅም። ያደገው በፉከራና በቀረርቶ ነው። አደጋ የማይፈራ ሰው ጀግና ነው ተብሎ ነው ያደገው። ፊልሙ ያንኑ ነው የሚነግረን፣ በእንግሊዝኛ። ለዚያ ነው አዳራሹ ያጨበጨበው። በእኛ ሥራ ግን የሚፈራው ነው የሚፈለገው።

ኤዲተሯ፦
እንግዲያው ፉከራውን ይክሰሱ፣ ጋሼ። ፊልሙን ለቀቅ ያድርጉት።

ወታደር ነበርኩ፦
ሁለቱንም እከሳለሁ። ሽማግሌው ቢያንስ ትኬት አላስከፈለኝም።

ባለ ባጃጁ፦
ቅዳሜ የዴንማርኩን እንይ በቃ። ጋሼ መግቢያ ላይ ትንሽ ቢያወሩልን?

ወታደር ነበርኩ፦
እመጣለሁ። ግን የሚያጨበጭብ ካለ እወጣለሁ።

ኤዲተሯ፦
እኔ አጨበጭባለሁ። ለተዋናዮቹ ነው፣ ለፈንጂው አይደለም።