«ሽቅርቅር ያለ አማርኛ» ሙገሳ ነው ስድብ?

ጠያቂ፦ የጻፍኩትን ያነበበ ሰው «ሽቅርቅር ያለ አማርኛ ነው» አለኝ። ሰውን ሽቅርቅር ሲሉ ሰምቻለሁ። አማርኛ እንዴት ይሽቀረቀራል? ተሞገስኩ ወይስ ተነካሁ?

ቃል ለቃሚ፦ ከዘናጭ ጋር አነጻጽረው። ዘናጭ አምሮበት ይወጣል። ሽቅርቅር አምሮበት፣ መስታወት አይቶ፣ በር ላይ ደርሶ፣ ተመልሶ ደግሞ አይቶ ይወጣል።

የቆሎ ተማሪ፦ ሥሩን ሳታውቁ ትርጉም ትሰጣላችሁ። በግዕዝ ሠርገወ፣ አስጌጠ። ሥርግው፣ ያጌጠ። ሠርግ የምንለውም ከዚሁ ነው። ሠ ወደ ሸ ዞረና ተሽቀረቀረ ሆነ። «ሽር ጉድ»ም የዚሁ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም።

ሐመሩ ሐ፦ ሸ በግዕዝ ስለሌለ መዞሯን ልቀበል። ሁለቱን «ቀ» ግን ከየት አመጣሃቸው? ከሠርጉ ቤት ተሸክመህ ነው?

የቆሎ ተማሪ፦ ቅኔ ቤት ያልዋለ በቃል ዘር አይከራከረኝ።

ሐመሩ ሐ፦ ውያለሁ፣ አድሬያለሁም። ቅርጹን እይ እንጂ። ተዝረከረከ ዝርክርክ፣ ተቅበጠበጠ ቅብጥብጥ፣ ተልፈሰፈሰ ልፍስፍስ፣ ተሽቀረቀረ ሽቅርቅር። ሠፈሩ በሙሉ የሚታማ ነው። ዘናጭ ግን የሚያድረው ከቆራጭና ከለዋጭ ጋር ነው፣ ሥራ ካላቸው ጋር።

ቃል ለቃሚ፦ ፍልቅልቅስ? እሷም እዚያው ሠፈር ነች። ማን ያማታል?

ሐመሩ ሐ፦ አንዲት ፍልቅልቅ ሠፈር አታጸዳም።

የቆሎ ተማሪ፦ ማጌጥ ነውር ከሆነ ዳዊት ለምን «ትቀውም ንግሥት በየማንከ በአልባሰ ወርቅ ዑጽፍት ወኁብርት»፣ ንግሥቲቱ በወርቅ ልብስ ተጎናጽፋ በቀኝህ ትቆማለች፣ አለ?

ሐመሩ ሐ፦ ዑጽፍት አለ እንጂ ሽቅርቅርት አላለም።

ቃል ለቃሚ፦ 😂 ይህችን ጽፌ እይዛታለሁ።

አዲስ ገቢ፦ «ሽክ ማለት»ስ? ከፈረንሳይኛ ነው ይላሉ።

የቆሎ ተማሪ፦ ቀጥ ማለት፣ ጭጭ ማለት፣ ዝም ማለት ሁሉ ከፈረንሳይ በመርከብ መጣ በለና! «ማለት» የሚከተላቸውን ቃላት ስንት ዓመት ስንላቸው ኖረናል?

አዲስ ገቢ፦ በድምፅም በትርጉምም ልክ መግጠሙ ግን?

ሐመሩ ሐ፦ እዚህ ላይ ከአዲሱ ጋር ነኝ። የቆሎ ተማሪ ከፈረንሳይ ጋር የተጣላው ሽክ ብሎ ስለማያውቅ ነው።

የቆሎ ተማሪ፦ ነጠላዬን ያየ ይመስክር።

ጠያቂ፦ ወገኖቼ፣ የኔ ጥያቄስ? ሰውዬውን ላመስግነው ወይስ ልኮረፍ?

የቆሎ ተማሪ፦ «ልኮረፍ» ካልክ አኩራፊው እሱ ሆነ። «ላኩርፍ» በል።