ለቻይና ተማሪዎች «ኮንቪኒየንት»ን እንዴት ላስረዳ?

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ። እዚህ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠሩ ቻይናዎችን ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ሰዋስው ላይ ጎበዞች ናቸው፤ «ኮንቪኒየንት» ላይ ግን ሁሉም አንድ ቦታ ይወድቃሉ። መካኒኩ ቀጠሮ በያዝን ቁጥር «አር ዩ ኮንቪኒየንት ቱሞሮው?» ብሎ ይልክልኛል። ነገ ይመችሃል ወይ ማለቱ ነው። ሰው አይደለም ኮንቪኒየንት የሚባለው፣ ሰዓቱ ነው፤ «ኢዝ ቱሞሮው ኮንቪኒየንት ፎር ዩ?» በል ስለው ደብተሩ ላይ አሳምሮ ይጽፋታል፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ያችኑ የድሮዋን ይልካል። ሕጉን ከመደጋገም ሌላ ዘዴ ያለው?

ሸዋ በር፦
አብሽር፣ ከራሳቸው ቋንቋ ነው የሚመጣው። ቻይንኛ ትንሽ ሞክሬያለሁ፤ «ኒ ፋንግቢየን ማ?» (ይመችሃል ወይ?) ሲሉ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት «አንተ» ነህ። እሱን እንዳለ ገልብጠውት ነው። በነገራችን ላይ ገበታ ላይ «ፋንግቢየን» ብሎ የተነሳ ቻይና ካጋጠመህ ወዴት ነው ብለህ እንዳትጠይቀው፤ የኛው «ወጣ ብዬ ልምጣ» ናት።

ቲቸር ከደሴ፦
አማርኛውን ተጠቀምበት እንጂ! «ነገ ይመችሃል?» ስንል የሚመቸው ነገ ነው፣ አንተ የሚመችህ ነህ። እንግሊዝኛውም እንደዚሁ ነው የሚሄደው። የኛ ተማሪዎች እዚህ ላይ አይሳሳቱም፤ የነሱ ጣጣ ሌላ ነው። «ምቹ» ለወንበርም ለሰዓትም ስለሚሆን «ኮንቪኒየንት ቼር» ብለው ይጽፉልኛል። ወንበርና ጫማ «ኮምፈርተብል» ነው። ቻይናዎቹ ለዚያ «ሹፉ» የሚል ሌላ ቃል ስላላቸው ብዙም አይምታታባቸውም።

የቦርከና ልጅ፦
«ይመችሃል»ንማ ከባጃጅ ሾፌሮች ለምደዋታል፣ ነገ ከሷ እጀምራለሁ። አንድ ልጨምር፦ አንድ ፈረንጅ ደንበኛ መጥቶ ሪፖርት ሲጠይቅ ፋይሉ ጠፍቷል ተባለ። ሰውዬው «ሃው ኮንቪኒየንት!» አለ። የኔ ተማሪ ደስ ብሎት «ታንክ ዩ» አለው።

ቲቸር ከደሴ፦
ሃሃ፣ ወላሂ ምስኪን! እሷ «ታዲያ ልክ ዛሬ ጠፋ?» ማለት ናት። መዝገበ ቃላት ላይ ብቻ ካየሃት አትያዝም። ሁለቱንም፣ የደግነቱንም የሽሙጡንም፣ በድምፅህ እያስመሰልክ በልላቸውና የትኛው የትኛው እንደሆነ ይለዩ። መካኒኩን ፊት አስቀምጠው።