ኮሮና ሲገባ አገር አለመዘጋቱ ልክ ነበር? (ክርክር)

ጠያቂው፦
ጥያቄው አጭር ነው። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ኬንያ ሰዓት እላፊ አወጀች፤ ሩዋንዳና ኡጋንዳ ሕዝቡን ቤት ከተቱት። እኛ ጋ መጋቢት 4 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ፣ መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ ታክሲ በግማሽ ጫነ፣ ማስክ ግዴታ ሆነ። ሥራና ገበያው ግን ቀጠለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሰጡት ምክንያት ቤት የሌለው ዜጋ ብዙ ነው፣ ቤት ያለውም በየቀኑ ካልወጣ አይበላም የሚል ነበር። ልክ ነበሩ ወይ? ፖለቲካ ማንሳት ይቻላል፤ ስድብ የለም።

የመርካቶው፦
ልክ ነበሩ። አለቀ።

እሺ ላብራራ። እኔ ያደግኩበት ግቢ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው ያድራል። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለቴ ከመጣ ጥሩ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ "ቤታችሁ ተቀመጡ" ማለት "ተፋፍጋችሁ ተቀመጡ" ማለት ነው። የወር አስቤዛ የሚባል ነገር የለም። ተሸካሚው ጠዋት ወጥቶ ያገኛትን ማታ ይዞ ይገባል፤ የጉሊቷም እንደዚያው። አንድ ወር ቢዘጋ ኮሮና ሳይደርስብን ረሃብ ይቀድመን ነበር።

ኬንያን አየን አይደል? ሰዓት እላፊ እናስከብራለን ያሉ ፖሊሶች ናይሮቢ ውስጥ በረንዳ ላይ የቆመ የ13 ዓመት ልጅ በጥይት ገደሉ። እንዲህ ዓይነት "ጥንቃቄ" ይቅርብን። የእኛው አዋጅ ደግሞ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ኪራይ እንዳይጨምር ከልክሏል። ደሃን የጠቀመው እሱ ነው። ይህንን ግን ማንም አያነሳም።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ ስለ ረሃቡ ያልከውን አልከራከርህም። የማልስማማው "ልክ ነበሩ፣ አለቀ" ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ልክ ነበር የሚለው ብዙ ሞት ስላላየ ነው። በይፋ የተመዘገበው የሟች ቁጥር ከ7 ሺህ 500 ትንሽ ይበልጣል። ይህ ግን ጤና ተቋም ደርሶ፣ ተመርምሮ፣ ውጤቱ ወጥቶ የተቆጠረው ብቻ ነው። በጅማና በአዲስ አበባ በጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረገ የደም ምርመራ በየካቲት 2013 ገደማ ከግማሽ በላዩ በቫይረሱ እንደተያዘ አሳይቷል። በየመንደሩ ቤቱ የሞተውን ማን ቆጠረው?

እኔ መጋቢት 2013 ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነበርኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። በቀን ከሁለት ሺህ በላይ አዲስ ታማሚ የሚመዘገብበት ጊዜ ነው። አልጋ የለም፣ ኦክስጅን ያጥራል። ሲሊንደር በኮሪደሩ እያንከባለልን ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው እንወስዳለን። መለኪያዋ ላይ ያለችው ቀስት ወደ ቀዩ ስትጠጋ ከእኛ ቀድሞ የሚያያት አስታማሚው ነው። "ሲስተር፣ ይህ ሊያልቅ ነው" ይልሻል። ምን ትይዋለሽ?

የእኔ ጥያቄ እንግዲህ ስለ መዝጋት አይደለም። በ2012 ሚያዝያ የነበረው ጥንቃቄ በ2013 ሚያዝያ የት ሄደ ነው? በሽታው ሲያንስ ሮቶ በየባንኩ በር ቆመ፤ በሽታው ሲበዛ ሮቶው ባዶውን ቀረ።

የመርካቶው፦
እሱስ እውነት ነው። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ የነበረው ትርኢት አይረሳኝም። ታሪፉ እጥፍ ሆኗል፤ ጭነቱ ግማሽ ነው ተብሏል። ትንሽ እንደሄድን ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ይላል። ፖሊስ ሲታይ ማስኩ ከአገጭ ወደ አፍንጫ ይወጣል፣ ትርፉ ሰው ደግሞ አንገቱን ይቀብራል። እጥፉን ግን ሁላችንም ከፍለናል።

የስቶክሆልሟ፦
እኔ የምኖረው ስዊድን ነው። ሳይዘጉ ቀሩ ሲባል በዓለም ሁሉ ስሟ የሚጠራው አገር ይህችው ናት። እውነቱ ግን ትንሽ ይለያል። የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ ለተወሰነ ጊዜ በርቀት ሆኗል፣ ስብሰባም ተገድቧል። የትንንሾቹ ትምህርት ቤት ግን ክፍት ነበር። በፈረንጆቹ 2020 የሟቹ ቁጥር ከኖርዌይም ከፊንላንድም ከዴንማርክም በብዙ በለጠ። በተለይ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች ያለቁት ብዙ ናቸው። ዓመታቱ ተደምረው ሲታዩ ደግሞ ከወትሮው በላይ የሞተው ሰው መጠን ከአውሮፓ ዝቅተኞቹ መካከል ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ስዊድንን ይጠቅሳታል፤ ሁለቱም የሚመቸውን ዓመት ይመርጣል።

እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ ሞት የበዛው እንደ ሪንኬቢና ቴንስታ ባሉ የስደተኛ ሰፈሮች ነው፤ ሶማሌዎች ክፉኛ ተጎዱ። "ከቤት ሥሩ" የተባለው ኮምፒውተር ላለው ነው። አውቶቡስ የሚነዳው፣ ሽማግሌ የሚያጥበው የእኛ ሰው ነበር። አንድ ጥሩ ነገር ግን አድርገዋል። እዚህ ታሞ የቀረ ሰው የመጀመሪያው ቀን ደሞዝ አይከፈለውም ነበር። መንግሥት ያንን ቀን መክፈል ጀመረ። ሳል ያለበት ሰው ቤቱ ቀረ። አትዝጉ የምትሉ ሰዎች ይህኛውንም ጨምራችሁ ጥሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ተሸካሚው ሲያተኩሰው ቤቱ ቢቀር ማን ይከፍለው ነበር?

የመርካቶው፦
ጎረቤት ነዋ! ማዕድ ማጋራት ተብሎ ዱቄትና ዘይት ሲሰበሰብ አላየሽም?

የስቶክሆልሟ፦
አይቻለሁ፣ ከዚህም ልከናል። ግን በጎ ፈቃድ እስከ ፋሲካ ነው የሚዘልቀው።

መምህሩ፦
ሁላችሁም "አገር አልተዘጋም" እያላችሁ ነው የምትከራከሩት። ተዘግቷል እኮ። የልጆች አገር ተዘግቷል። ወደ 26 ሚሊዮን ተማሪ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ቤቱ ቀረ። ካፌው ወንበር አራርቆ ይሠራል፣ ገበያው ይሠራል፣ ታክሲው እንደተባለው "ጠጋ ጠጋ" ይላል፤ ትምህርት ቤት ብቻ ቁልፍ ነው።

መጋቢት ላይ መዘጋቱን አልቃወምም። ማንም ምንም አያውቅም ነበር፤ እኔም ራሴ ፈርቼ ነበር። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በሐምሌ በሽታው ልጆችን ብዙ እንደማይጥል በየአገሩ ታውቋል። የእኛ ልጆች ግን ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ይከታተላሉ ተባለ። የማስተምረው ገጠር ነው። ራዲዮ ያለው ቤት ራዲዮኑ የአባትየው ነው፣ ድንጋዩም ለዜና ይቆጠባል። ቴሌቪዥኑን እንተወው። ከዚያ 8ኛና 12ኛ ሲቀሩ ሌላው ያለ ፈተና ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈ። ሦስተኛ ክፍል ማንበብ ሊይዝ የነበረ ልጅ አራተኛ ክፍል ገባ፤ ፊደሉ ግን ግማሹ ጠፍቶበታል።

ስንከፍት የ7ኛ ክፍልን ስም እጠራለሁ። ወንዶቹ "አቤት" ይላሉ። ከሴቶቹ መሐል መልስ የማይሰጥ ስም ይበዛል። ቀና ስል ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ከዚያ አንዷ ቀስ ብላ "ተዳረች" ትላለች። ቀጣዩን እጠራለሁ። "አረብ አገር ልትሄድ ከተማ ገብታለች።" እነዚህ በየትኛው የኮሮና ሪፖርት ውስጥ ናቸው? ማታ ማታ ስንት ተመረመረ፣ ስንት አገገመ ይባል ነበር። ስንት ልጅ ቀረ ተብሎ አንድ ቀን ተነግሯል?

ነርሷ፦
መምህር፣ ልጁ ባይታመምም አያቱን ያስይዛል እኮ። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ናቸው?

መምህሩ፦
ሰባ ይደርሳሉ። ገብቶኛል እህቴ። ግን ልጁ ቤት ሲቀር ከአያቱ ጋር ነው የዋለው፣ ገበያም ተልኳል፣ ለቅሶም ሄዷል። ከክፍሌ ነው የራቀው፤ ከሰው መቼ ራቀ? ኡጋንዳ ደግሞ ከእኛ ብሳ ወደ ሁለት ዓመት ዘጋች፤ የከፈተችው በጥር 2014 ነው። እዚያ ስንቱ እንደቀረ እግዜር ይወቀው።

ሕግ ያጠናው፦
አንድ የተዘለለ ነገር አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ለወረርሽኝ አስቸኳይ ጊዜ ይፈቅዳል፤ አዋጁ ሕጋዊ ነው። ጥያቄው ሥልጣኑ ለምን ዋለ ነው። ነሐሴ 2012 ሊካሄድ የነበረው ምርጫ የተራዘመው የተመዘገበው ታማሚ 30 ሳይሞላ ነው። ሰኔ 3 ፌዴሬሽን ምክር ቤት የምክር ቤቶችን ዘመን አራዘመ፤ ትግራይ "አልቀበልም" ብላ የራሷን ምርጫ አካሄደች፤ ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። ሰኔ 2013 ምርጫው ሲካሄድ የተመዘገበው ከ250 ሺህ በላይ ነበር፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ጅማ ስታዲየም በምርጫ ቅስቀሳ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። በዚያ ላይ ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ። ወረርሽኝ መሐል መረጃ የሚያጠፋ መንግሥትን "በጥሩ ያዘው" ማለት ይከብደኛል።

የመርካቶው፦
ምርጫ ቦርዱ ምን ያድርግ? የመራጭ ምዝገባና ሥልጠና የሚጀመርበት ወቅት ነው። ያኔ ሰው ሰብስቦ ቢያስመዘግብ ደግሞ "ሕዝብ አስጨረሰ" ልትለው ነው።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ አየር መንገዱን ረሳችሁት። የካቲት ላይ "ቻይና መብረር አቁም" ተብሎ ያልተጮኸ የለም፤ እኔም ቤቴ ሆኜ ጮኬአለሁ። የመጀመሪያው ታማሚ ግን ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ሆነ። ድርጅቱ ደግሞ የመንገደኛ አውሮፕላን ወንበር እየነቀለ ጭነት አጓጓዘ፣ ቻይናዊው ባለሀብት ጃክ ማ የለገሰውን ማስክና መመርመሪያ ለአፍሪካ አደለ፣ ቋሚ ሠራተኛም አልበተነም። መንግሥት አንድ ነገር ልክ ሠራ ከተባለ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ በዚያው በቦሌ ከሳዑዲ የተባረሩት ወገኖቻችንም ገብተዋል። በሺህ ሆነው ነው በአንድ ጊዜ የመጡት። በዩኒቨርሲቲ ዶርም ለይቶ ማቆያ ስንቀበላቸው አንዳንዱ ጫማ እንኳ የለውም። እሱንም አብረው ይቁጠሩት።

ጡረተኛው፦
ቆጠርኩት ልጄ። ያ በእኛ ሳይሆን ባባረራቸው ነው የሚጻፈው።

የመርካቶው፦
መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ነገ እንደዚያ ያለ በሽታ ቢመጣ ትምህርት ቤትህን ክፍት ታደርጋለህ?

መምህሩ፦
ሁለት ሦስት ሳምንት እዘጋለሁ፤ ነገሩ እስኪለይ። ከዚያ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል በፈረቃ እከፍታለሁ፣ ከተቻለም ዛፍ ሥር። ግን መጀመሪያ ውሃ ይግባልኝ። ያኔ ሳሙና በካርቶን ላኩልን፤ ግቢው ውስጥ ቧንቧ የለም።

ነርሷ፦
ውሃውን ሲያስገቡልህ አድራሻቸውን ለእኛም ላክልን።