ለእንቁጣጣሽ ፎቶ የጭቃ ቤት ግድግዳ ስቱዲዮ ውስጥ በርካሽ እንዴት ይሠራል?

ጥያቄ፦ ባለ ስቱዲዮ
ጤና ይስጥልኝ ባለሙያዎች። ለእንቁጣጣሽ የልጆች ፎቶ የጭቃ ቤት ግድግዳ የሚመስል ባክግራውንድ ልሠራ ነው። ክፍሉ 4 በ6 ሜትር፣ ጣሪያው 2.80 ነው። ካሜራው ካኖን ክሮፕ ሴንሰር (ምስል የሚቀበለው ክፍሉ አነስ ያለ)፣ ሌንሶቹ 50 እና 35 ሚሊ። ባለ 4 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ላይ ጄሶ በቀጥታ ሲለሰን በነጋታው ይሰነጠቃል፣ ሲነኩት ይላጣል። እውነተኛ ጭቃ ይከብዳል፣ ይረግፋልም። ስንት ኮምፔንሳቶ ልግዛ? በምን ልለስነው? ከበዓሉ በኋላ ተፈትቶ መቀመጥ አለበት።

መልስ፦ አናጺው
ሁለት ይበቃሃል። ካሜራው ከግድግዳው 5 ሜትር ርቆ ሲቆም 50ው ሌንስ በአግድም የሚያየው 2.23 ሜትር ነው (22.3 ሚሊ ሴንሰር × 5 ÷ 50)። ኮምፔንሳቶ 1.22 በ2.44 ስለሆነ ሁለቱ ጎን ለጎን በየዳሩ 10 ሴንቲ ያተርፋሉ። በ35ቱ ካሜራውን በቁመት ካዞርክ ግን ወደ 3.2 ሜትር ያያል፤ የግድግዳው ጫፍ ከነጣሪያው ይገባብሃል። 50ው ላይ እርጋ። ልጁ ከግድግዳው 1.5 ሜትር ወጣ ብሎ ሲቆም፣ ካሜራውን በቁመት ካዞርክ 50ው የ1.56 ሜትር ቁመት ይይዝልሃል።

ለክፈፉ ባለ 4 በ5 ሴንቲ ሞራሌ፣ 4 ሜትር የሚረዝም፣ 5 ፍሬ። ከአራቱ ከእያንዳንዳቸው አንድ 2.44 ቋሚና አንድ 1.12 አግድም ይወጣል፤ አምስተኛው ሁለት አግድም ይሰጥና የሚተርፈው ለማዕዘን ማጠናከሪያ ይሆናል። 5 ሴንቲው ፊት ከኮምፔንሳቶው ጋር ይጣበቅ። ሁለቱን ክፈፎች በመሀል ቋሚዎቻቸው በኩል በ3 ባለ 12 ሴንቲ ብሎን እሰር፤ ስትፈታው አትቸገርም። ከኋላ ሰያፍ ድጋፍ፣ እግሩ ላይ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ። ልጆች ይደገፉበታል፣ ይህን አትዝለል።

መልስ፦ ቀለም ቀቢ
ጄሶው የሚላጠው በሁለት ምክንያት ነው። ደረቅ እንጨት የጄሶውን ውሃ ሳይጠነክር ይመጠዋል፤ ቀጭን ኮምፔንሳቶ ደግሞ ይታጠፋል፣ ጄሶ አይታጠፍም። ስለዚህ መጀመሪያ ነጩን የእንጨት ኮላ 1 ለ3 በውሃ አቅጥነህ ቀባና ይድረቅ። ከዚያ ያልቀጠነ ኮላ እየቀባህ የተቀደደ ጆንያ ለጥፍበት። ልስኑ የሚይዘው ጆንያውን ነው።

ልስኑ በጣሳ ሲለካ 4 ጄሶ፣ 2 የተነፋ ሰጋቱራ፣ 1 ኮላ፣ እፍኝ የተከተፈ ጭድ ነው። ውሃው እንደ ዳቦ ሊጥ እስኪሆን ብቻ። ጄሶ ቶሎ ስለሚይዝ በአንዴ ከ2 ሊትር በላይ አትበጥብጥ። 6 ካሬ ሜትር በ3 ሚሊ ውፍረት 18 ሊትር ይፈልጋል፣ ማለትም አንድ የ20 ሊትር ባልዲ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው። በግንበኛ ማንኪያ ሳይሆን በእጅህ ለስን፤ የጣት ምልክቱ ራሱ ነው ጭቃ የሚያስመስለው። የሁለቱን መጋጠሚያ በልስን አትሸፍን፣ ስትፈታው ይሰነጠቃል። አንድ ቀጭን አጠና ቆሞበት በሽቦ ይታሰር።

ቀለሙ የማያብለጨልጭ የውሃ ቀለም ይሁን። መጀመሪያ ጠቆር ያለ ቡናማ፤ ሲደርቅ በደረቅ ቡርሽ ነጣ ያለውን ጉብታው ላይ ብቻ ጠረግ ጠረግ አድርግ። ከቀይ አፈር ተነፍቶ በኮላ ውሃ የተበጠበጠውም ጥሩ ቀለም ነው፣ ዋጋውም ወንፊት ብቻ።

መልስ፦ የማሸጊያ ፎም ወዳጅ
ግርጌው ላይ ድንጋይ ካማረህ ቲቪና ፍሪጅ ታሽጎበት የሚመጣውን ነጭ ፎም ቆርጠህ በስፕሬይ ቀባው። አይከብድም።

መልስ፦ ቀለም ቀቢ
በስፕሬይ በቀጥታ ከነካኸው የቀለሙ ማሟሚያ ይበላዋል፣ ጉድጓድ በጉድጓድ ይሆናል። ቲነርም እንዲሁ። መጀመሪያ በዚያው ልስን ሸፍነውና በውሃ ቀለም ቀባው።

መልስ፦ መብራት ያዥ
ፎሙ ቶሎ ይቃጠላል፤ የሚግል የሃሎጅን መብራት አጠገቡ አይቁም። በኤልኢዲ ሥራ።

ዋናው ግን ግድግዳውን ፊት ለፊት አለማብራት ነው። አንድ መብራት ከጎን፣ ግድግዳውን የሚልስ ያህል ዝቅ ባለ አንግል ይምጣ፣ አለዚያ ያ ሁሉ ልስን ጠፍጣፋ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ለልጁ ፊት ሌላ ለስላሳ መብራት ይኑር። 1.5 ሜትሩም ለዚህ ነው፤ የልጁ ጥላ ግድግዳው ላይ አይወድቅም።

አደይ በነሐሴ ገና ስለማይደርስ ከቢጫ ክሬፕ ወረቀት ሥራው፤ ቅጠሉን መሀሉ ላይ በአውራ ጣት ወጠር ስታደርገው ይጎብጣል። ቄጤማው ግን እውነተኛ ይሁን። ከሥሩ ፕላስቲክ አንጥፍ፤ ውሃ ስትረጭ የኤሌክትሪክ ገመዱን አንሳ።

ጥያቄ፦ ባለ ስቱዲዮ
ኮምፔንሳቶው በልስኑ እርጥበት አይጣመምም?

መልስ፦ አናጺው
በአንድ ወገን ብቻ ከረጠበ ይጣመማል። ፊቱን በኮላ ውሃ በቀባህ ዕለት ጀርባውንም ቀባው፣ ሁለቱም ወገን እኩል ይጠጣል። ልስኑን መሬት ላይ አጋድመህ ሥራ፤ ሳይጠነክር አታቁመው። ለማስቀመጥ ሁለቱን ፊት ለፊት አድርገህ መሀላቸው ብርድ ልብስ አስገባና ቀጥ አድርገህ አቁም፤ ዘመም ብሎ ከተቀመጠ በጊዜ ብዛት ይጎብጣል።