ለሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ክፍል መጻሕፍት ስንገዛ ከየት እንጀምር?

የመደርደሪያው ጠባቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ቦታው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነው፤ የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ተማሪዎች 120 ያህል ናቸው። በዲዊ አመዳደብ የስፖርት ቁጥር በሆነው 796 ላይ 200 ገደማ መጽሐፍ አለ፣ አብዛኛው በእርዳታ የመጣ፤ ስለ ጎልፍና ስለ በረዶ ሸርተቴ የሚያወራ ጭምር። ዘንድሮ 400,000 ብር ተይዟል። ትምህርት ክፍሉ የላከው ዝርዝር 90 ርዕስ ነው፣ ከእያንዳንዱ አንድ ኮፒ። እንዳለ ይገዛ? የድሮውስ ምን ይደረግ?

ካታሎገሯ
እንዳለ አይግዙት። 90 ርዕስ በአንድ አንድ ኮፒ ማለት ለፈተና ሰሞን 120 ሰው አንድ መጽሐፍ ላይ ይሰለፋል ማለት ነው። የኮርስ ዝርዝሩን ያስመጡና በየኮርሱ ፊት ያለውን መጽሐፍ፣ የታተመበትን ዓመትና የኮፒ ብዛት ይጻፉ። ባዶው ቦታ ራሱ ይናገራል። ብዙ ጊዜ ባዶ የሚሆነው አናቶሚ፣ የእንቅስቃሴ ፊዚዮሎጂ፣ ልኬትና ምዘና፣ የአካል ጉዳተኞች ስፖርት ላይ ነው። ለዋና መማሪያው ለ10 ተማሪ አንድ ኮፒ፣ ከዚያም ውስጥ ሁለቱን ከቤተ መጻሕፍት የማይወጡ ያድርጓቸው።

ሌላው ስህተት 796ን ብቻ ማየት ነው። የዚህ ትምህርት ግማሹ ሌላ ቦታ ተበትኗል፦ የእንቅስቃሴ ፊዚዮሎጂ 612.044፣ አካል ብቃት 613.7፣ የስፖርት ጉዳት 617.1027፣ በአንደኛ ደረጃ የማስተማሪያ ዘዴው 372.86። ሁሉንም ጎትቶ 796 ውስጥ መክተት መፍትሔ አይደለም፤ የጤና ተማሪዎችም ይፈልጓቸዋል። 796 መደርደሪያ ጫፍ ላይ «እነዚህንም ይመልከቱ» የሚል ካርቶን መለጠፍ ይበቃል።

ኮሃ የተባለውን የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ፣ በመጽሐፉ መዝገብ ውስጥ መፈለጊያ ቃል በሚጻፍበት 653 በተባለው መስክ ላይ የአማርኛ ቃል ጨምሩ። «ማጎልመሻ» እና «ማጐልመሻ» ሁለቱንም። ለኮምፒውተሩ ጎ እና ጐ የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ፣ በአንዱ የጻፈ ተማሪ በሌላው የተመዘገበውን አያገኝም።

ግዥ ክፍል አካባቢ
ዝርዝሩ ለጨረታ ሲወጣ ርዕስና ደራሲ ብቻ ከተጻፈ አሸናፊው የሚያመጣው የርካሹን፣ ማለትም የድሮውን እትም ነው፤ መብቱም ነው። አይኤስቢኤን (የመጽሐፉ መለያ ቁጥር)፣ እትም፣ ዓመት፣ የጥራዙ ዓይነት ይጻፍ። «በተመሳሳይ መተካት የሚቻለው ቤተ መጻሕፍቱ በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ» የሚል አንቀጽም አይቅር። ርክክብ ላይ የአናቶሚ አትላሶችን ገጽ በገጽ ግለጡ፤ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ ከሆነ ጡንቻና ጅማት በቀለም አይለይም፣ መጽሐፉ ዋጋ የለውም። የኢንተርኔት መግቢያ ኮድ ለተያያዘባቸው መጻሕፍት ተጨማሪ አትክፈሉ። ኮዱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው።

ፊሽካ
ከስፖርት መምህራን ወገን፦ የጨዋታ ሕግ መጽሐፍ በብር አይገዛም። የእግር ኳስ ሕግ በየዓመቱ ሐምሌ መግቢያ አካባቢ፣ የተከለከሉ መድኃኒቶች ዝርዝር ደግሞ በየዓመቱ በፈረንጆች ጃንዋሪ 1 ይታደሳል፤ ሁለቱም ከባለቤቶቹ ድረ ገጽ በነጻ ይወርዳሉ። አትማችሁ በክላሰር አስቀምጡ፣ የአምናውን አውጡ።

ስለ ድሮው መጽሐፍ፦ አናቶሚ ቶሎ አያረጅም፣ 15 ዓመት ቢሞላውም ያገለግላል። ሕግና የመጀመሪያ እርዳታ ግን ያረጃሉ። እ.ኤ.አ. ከ2010 በፊት የታተመ የቅርጫት ኳስ መጽሐፍ የሦስት ነጥብ መስመሩን 6.25 ሜትር ላይ ያሰምራችኋል፤ አሁን 6.75 ነው፣ ቅርጫቱ ሥር ያለው ክልልም ከትራፒዞይድ ወደ ሬክታንግል ተቀይሯል። በዚያው ዓመት የልብ ማነቃቂያ ቅደም ተከተልም ተለውጧል፦ መጀመሪያ ደረት መጫን፣ ትንፋሽ ቀጥሎ። የድሮውን መደርደሪያ ላይ መተው አደጋ አለው። የጎልፉና የበረዶው ግን ማንንም አይጎዳም፤ ቦታ ይይዛል እንጂ። ሦስት ዓመት ሙሉ ካልተዋሱ ይውጡ።

የመደርደሪያው ጠባቂ
አመሰግናለሁ። ጆርናልስ? ክፍሉ ለሁለት የውጭ መጽሔት ደንበኝነት ጠይቋል።

ካታሎገሯ
ለእሱ ብር አታውጡ። ኮሌጁን በሪሰርች ፎር ላይፍ፣ ማለትም የምርምር መጽሔቶችን ለታዳጊ አገሮች ተቋማት በነጻ ወይም በቅናሽ በሚከፍተው ፕሮግራም አስመዝግቡ፤ ኢትዮጵያ ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት ምድብ ናት፣ ለእናንተ የሚሆነው የጤናው ክፍል ሂናሪ ነው። የይለፍ ቃሉ የተቋሙ ነው፣ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም።

ፊሽካ
አንድ ነገር ልጨምር። ገና፣ ጉግስ፣ ትግል፣ ገበጣ ሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አሉ፣ የውጭ አሳታሚ ግን አይጽፍላችሁም። የራሳችሁ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች የሚገኙት ትምህርት ክፍሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ሰብስቧቸው፣ የጨዋታውንና የወረዳውን ስም ካታሎግ ላይ አስገቡ። የሜዳ ልኬትና የተጫዋች ብዛት የያዘውን ለዩት፤ ለማስተማሪያ የሚሆነው እሱ ነው።