ከልጆቼ ጋር ድንኳን ውስጥ ማደር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

የናሆም እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ናሆም 13 ዓመቱ ነው፣ እህቱ 9። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጆቼ ማታ ሰማይ የሚያዩት በበረንዳ በኩል ነው። እሱንም የፊት ለፊቱ ብሎክ ጋርዶታል።

እኔ ግን ልጅነቴን ግማሹን ካምፕ ውስጥ ነው ያሳለፍኩት። አባቴ አውራ ጎዳና ውስጥ የግሬደር ኦፕሬተር ነበር። ትምህርት ሲዘጋ እናቴ እኔንና ወንድሜን ይዛ እሱ ያለበት ድረስ ትሄድ ነበር። ያኔ ካምፕ ማለት ሽርሽር አይደለም። የሥራ ቦታ ነው። በረድፍ የተተከለ የሸራ ድንኳን፣ የናፍጣ በርሜል፣ ማታ ማታ ፋኖስ። ፀሐይ ሲመታው የሸራው ሽታ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። ዝናብ ሲጥል ደግሞ አባቴ «ሸራውን በጣትሽ እንዳትነኪው፣ ከነካሽው ያፈሳል» ይለኝ ነበር። እጄን አጣጥፌ ዝናቡን እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

አባቴ አሁን በሕይወት የለም። ልጆቼ ያን ድምፅ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲሰሙልኝ ፈለግሁ።

አማቴ ሲሰሙ ደነገጡ። «ድንኳን የሚተከለው ለሠርግ ነው ወይ ለለቅሶ። ቤት እያላችሁ ሜዳ ላይ ምን ፍለጋ ነው?» አሉኝ። ባለቤቴ «አንቺ አጥኚው፣ እኔ እነዳለሁ» ብሏል። ስለዚህ እያጠናሁ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የት ብንሄድ ይሻላል? የባሌ ተራራን በጣም እመኘዋለሁ፣ የስሜን ተራራንም እንደዚሁ። ብርዱን ከልጆች ጋር እንዴት ትችሉታላችሁ? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ይልቅ ልጆቹን ብቻቸውን ለሳምንት የልጆች ካምፕ ላኪያቸው» አለችኝ። የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የዲንሾው ልጅ፦

እህቴ፣ እኔ ባሌ፣ ዲንሾ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። 11 ዓመት ሙሉ ከእንግዶች ጋር ባሌ ተራራ ላይ እየወጣሁ ምግብ አብስያለሁ። ባሌን ስለተመኘሽው ደስ ብሎኛል። ግን ለመጀመሪያ ሌሊት አይሁን። ምክንያቱን ልንገርሽ።

አንድ ጊዜ አንድ ቤተሰብ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ በዚያው ቀን ሳነቴ የሚባለው የተራራው አምባ ላይ ካልተኛን አለ። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። እራት ሳቀርብ ትንሹ ልጅ ሳህኑን ገፋው። ራሱን ይዞ ማልቀስ ጀመረ፣ ከዚያ አስመለሰው። እኩለ ሌሊት ላይ ድንኳኑን ትተን በመኪና ወደ ታች ወረድን። ልጁ ዝቅ ስንል ተሻለው። ያ ልጅ ጤነኛና ጠንካራ ነበር። ከፍታ ጠንካራና ደካማ አይለይም። ባሌ ስትመጡ መጀመሪያ ዲንሾ እደሩ። እሱም ራሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት አጠገብ የደጋ አጋዘን ሰው ስለለመደ በቅርብ ይታያል። ለልጆች እሱ ብቻ ይበቃል። ሳነቴን በማግሥቱ ቀን ላይ ወጥታችሁ አይታችሁ ተመለሱ።

አሁን ስለ ብርዱ። ሰው ሁሉ ከላይ የሚለብሰውን ይቆልላል። ብርዱ ግን የሚመጣው ከመሬት ነው። ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ፣ ከሥሩ ስስ ላስቲክ ብቻ አንጥፎ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ የሚያድር አለ። ገንዘብ ካለሽ ለምንጣፍ አውጪው። ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ከታች፣ በላዩ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ስሊፒንግ ባግ። እኛ ሰፈር ደረቅ ገለባ ጎዝጉዘን ነው ከላይ የምናነጥፈው፣ እሱም አይታማም።

ልጆቹ ቀን የለበሱትን ካልሲ ለብሰው እንዳይተኙ። ላብ አለበት፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ለመኝታ ብቻ የሚሆን ደረቅ ካልሲ በላስቲክ አስረሽ ያዢ። ከመተኛታቸው በፊት የሚያሞቅ ነገር ይብሉ። እኔ ለእንግዶቼ ገንፎ በቅቤ ነው የምሠራው። ፈረንጆቹም ለምደውታል። ከዚያ ሙቅ ውሃ በብረት ኮዳ ሞልተሽ፣ በካልሲ ጠቅልለሽ እግራቸው ሥር አድርጊ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ያሞቃል። የሃይላንድ ፕላስቲክ እንዳትጠቀሚ፣ በሙቅ ውሃ ይጨማደድና ያፈሳል።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። ከሰል ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቢ። የነደደም ቢሆን፣ አመድ የለበሰም ቢሆን፣ «ትንሽ ይሙቅና እናወጣዋለን» ተብሎም ቢሆን። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ሰው እንቅልፍ የወሰደው መስሎት በዚያው ይቀራል። ቤት ውስጥ እንኳ ስንቱን ወስዷል፤ ድንኳን ደግሞ ከቤት ይጠባል።

ውሻ ካላችሁ ቤት ተዉት። የቀይ ቀበሮ ቁጥር በዓለም ከ500 ያነሰ ነው፣ ከግማሽ በላዩ ያለው እኛ ጋ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ እነሱ ይሻገራል፣ ሲገባ ደግሞ መንጋውን ይጨርሳል። የምግብ ትራፊም እንዳትጥሉ። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ለኛ ግን ከዚያ በፊትም ቤታችን ነው።

የሜሪላንዷ፦

የናሆም እናት፣ የአባትሽን ነገር ሳነብ እንባዬ መጣ። እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። እዚህ ካምፒንግ የጀመርነው ልጄ ትምህርት ቤት «እኛ ብቻ ነን የማንሄደው» ብላ ስለመጣች ነው።

የምንሄደው ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ ቢግ ሜዶውስ የሚባለው ቦታ ነው። ተራራው ጀርባ ላይ 105 ማይል የሚሄድ መንገድ አለ። ቦታሽን አስቀድመሽ በኢንተርኔት ትይዣለሽ፣ ቁጥር አለው። ጠረጴዛና የእሳት ቦታ ተሠርቶ ይጠብቅሻል። ችግሩ ድብ ነው። ምግብ ቀርቶ የጥርስ ሳሙና እንኳ ድንኳን ውስጥ አይገባም፣ ሁሉም መኪና ውስጥ ይቆለፋል። ማገዶም ከቤት ይዘሽ አትሄጂም፣ እንጨቱ ውስጥ ያለ ተባይ ደኑን እንዳይጎዳ ይከለክላሉ።

የመጀመሪያው ሌሊታችን መጥፎ ነበር። ድንኳኑን ከሱቅ እንደገዛነው ከካርቶኑ ሳናወጣ ነው ይዘን የሄድነው። ስንደርስ መሽቷል፣ ያካፋል። ባለቤቴ ባትሪ ይዞ መመሪያ ያነባል፣ እኔ ዘንጎቹን እያምታታሁ ነው፣ ልጄ ደግሞ መኪና ውስጥ ታለቅሳለች። ስለዚህ እባክሽ መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ሳሎንም ቢሆን፣ ከልጆቹ ጋር ሁለት ጊዜ ትከሉት። ልጆቹ ራሳቸው ይትከሉት፤ አንቺ ዳር ቆመሽ እዪ።

አሁን ጀበና ይዘን ነው የምንሄደው። ቡና ስቆላ ጭሱ ጎረቤት ድንኳን ይደርሳል፣ ሰዎቹ ስኒ ይዘው ይመጣሉ።

የልጆቹን ካምፕ በተመለከተ፣ ልጄን በ11 ዓመቷ ለአንድ ሳምንት ልኬያታለሁ። ስልክ አይፈቀድም፣ ደብዳቤ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን የጻፈችው «ውሰዱኝ» የሚል ነበር። ደብዳቤው እጃችን የገባው ግን እሷ ከተመለሰች በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ «መቼ ነው እንደገና የምሄደው?» እያለች ነበር። ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ግን የተለየ ነገር ነው። እዚያ ልጁ ያለ እናቱ መዋልን ይማራል። አንቺ የፈለግሽው ግን አብረሻቸው መተኛት ነው። የ9 ዓመቷን መጀመሪያ ካንቺ ጋር አስለምጂያት።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ ስለ አማትሽ አንድ ነገር ልበል። ድንኳን የሠርግና የለቅሶ ነው ያሉት ልክ ናቸው፣ ግን ሌላም አለ። ጥምቀት ላይ ታቦቱ ከተራ ዕለት ወጥቶ የሚያድረው ድንኳን ውስጥ ነው። ሕዝቡም ጥምቀተ ባሕሩ ዳር አብሮ ያድራል። እኔ በ1964 ዓ.ም. ከእናቴ ጋር ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ወጥቻለሁ። የቻለ ድንኳን ነበረው፣ እኛ ጋቢና አንድ ቁርበት ብቻ። የማያውቁን ሰዎች ቆሎ ሰጡን፣ እናቴም ዳቦ ቆረሰችላቸው። ሌሊቱን ሙሉ ከየአቅጣጫው መዝሙር ይሰማል። በሕይወቴ እንደዚያ ሌሊት ሰማይ ሰፍቶ አላየሁም።

አማትሽ ቁልቢ ሄደው እንደሆነ ጠይቂያቸው። በሳቸው ዘመን ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሄደ ሰው ሜዳ ላይ ሳያድር አይመለስም።

መናገሻ፦

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔ ቦታ ልጠቁም። ለመጀመሪያ ጊዜ መናገሻ ሱባ ደን ሂዱ። በሰበታ በኩል ነው፣ ከከተማ ሳትርቁ ሌላ ዓለም ትገባላችሁ። የመጨረሻው መንገድ ድንጋይ ስለሆነ ከፍ ያለ መኪና ይሻላል። የጥዱ ዛፍ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ጉሬዛ ታያላችሁ፣ ዕድል ካላችሁ የምኒልክ ድኩላም። በር ላይ ከፍላችሁ ፈቃድ ትይዛላችሁ፣ ጥበቃም አለ። አንድ ነገር ቢጎድል በጠዋት ቤት ናችሁ፤ ለጀማሪ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ብርድ የሚፈራ ልጅ ካለ ላንጋኖ አለ። ሞቃት ነው፣ ውሃው ቡናማ ቢሆንም ይዋኙበታል።

ስሜን እኔ በ2010 ዓ.ም. አራት ቀን ሄጃለሁ። ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ። ስካውት የሚባል ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ አብሮ ይሄዳል፣ ዕቃው በበቅሎ ይጫናል። ጠዋት ከድንኳን ስትወጪ ጭላዳዎቹ መንጋ ሆነው ሣር እየነጩ ነው። ግን አሁን ከልጆች ጋር ለመጀመሪያ አልመክርም። የመንገዱን ሰላም በቦታው ካለ ሰው ሳትጠይቁ እንዳትነሡ። ይሄ ለየትኛውም ቦታ ይሠራል።

የናሆም እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሱባ አድረን መጣን።

አማቴን ቁልቢ ሄደው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉና «ሦስት ጊዜ» አሉኝ። ባለቤቴ ሳይወለድ ስለት ተስለው፣ ነፍሰ ጡር ሆነው ሜዳ ላይ ማደራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን። ልጃቸው ራሱ አያውቅም ነበር። ዓርብ ማታ ከቁም ሣጥናቸው ቡልኮ አውጥተው «ለታች አንጥፉት» ብለው ሰጡን። የዲንሾው ወንድሜ የጻፍከውን ያነበቡ ነው የመሰለኝ።

ድንኳኑን የተከራየነው ነው። ሳሎን ውስጥ ሁለት ጊዜ ተክለነዋል። ሱባ ስንደርስ ናሆምና እህቱ ብቻቸውን በ20 ደቂቃ ጨረሱት። ገንፎውን ሠራሁ፣ ትንሽ ጓጎለ፣ ግን ተበላ። ፍራሹ ለሦስት ሰው ነበር የበቃው። ባለቤቴ ዳር ተኝቶ ወገቡን በረደው፣ ለሚቀጥለው አንድ እንጨምራለን። ሌሊት ጅብ ጮኸ። ትንሿ እጄን ይዛ «ሩቅ ነው አይደል?» አለችኝ። ሩቅ ነበር።

ዝናብ አልነበረም። ግን ሊነጋ ሲል የድንኳኑ ሸራ ከውስጥ በኩል ውሃ አቁሯል፣ ከትንፋሻችን ነው። ልጄ በጣቷ መስመር ልታሰምርበት ስትዘረጋ «አትንኪው፣ ያፈሳል!» አልኩ። የዛሬ ድንኳን እንደማያፈስ አውቃለሁ። ቃሉ ግን ሳላስበው ወጣ። እሷም እጇን ሰበሰበች። «ማን ነው እንደዚያ ያለሽ?» አለችኝ። እስኪነጋ ስለ አባቴ አወራኋት። ግሬደሩ ምን ያህል ትልቅ እንደነበር፣ ፋኖሱን ማን እንደሚያጠፋ፣ ሁሉንም።

የዲንሾው ልጅ፣ የትምህርት ቤቱ እረፍት ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት ሌሊት አስበናል፣ አማቴም እስከ ዲንሾ እመጣለሁ ብለዋል። ለእሳቸው ድንኳን ይሆናል ወይስ ቤት ልፈልግ?

የዲንሾው ልጅ፦

እንኳን በደህና ገባችሁ። ጥር ደረቅ ነው፣ ቀን ፀሐይ አለ፣ ሌሊት ግን ውርጭ ይጥላል። ለእናታችን ዲንሾ ሎጁ ውስጥ አንድ አልጋ ያዙላቸው፣ እናንተ አጠገቡ ትተክላላችሁ። ማታ እሳት ዳር አብረን እንቀመጣለን። ዕቃ የሚጭን አንድ ፈረስ፣ ትንሿ ከደከማት የምትቀመጥበት ሌላ አንድ ይበቃል። ስትነሡ አንድ ቀን ቀደም ብለሽ ጻፊልኝ፣ ገለባውን አዘጋጃለሁ።